ዋርካ ሜዳ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?

አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። ስሙ ናሁሰናይ ይባላል። ኮምፒውተር ሲባል ገጹን ገልብጦ የሚያልፍ አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ የማወራው ስለ ሰላምታ ነው። ሰላምታ ደግሞ እኛን ማን ሊያስተምረን።

ናሁሰናይ በአንድ ትልቅ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። መጋዘኑ ያለው ከተማ ነው፤ መድኃኒቱን የሚጠብቁት ጤና ጣቢያዎች ግን በየገጠሩ ተበታትነዋል። እሱ የሠራው ፕሮግራም እነዚህን ሁሉ ከመጋዘኑ ጋር ያገናኛል። ጤና ጣቢያው የጎደለውን በኮምፒውተር ያዝዛል፣ መጋዘኑ ይቀበላል፣ መኪናው ይጭናል። ልጁ ሥራውን ይወዳል። በጻፈው ፕሮግራም ውስጥ አንዲት ትርፍ መስመር ካየ አንገቱን የሚያሳክክ ሸሚዝ የለበሰ ይመስል እረፍት ያጣል። ጠባዩም መልካም ነው። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረችው፤ ሲጣደፍ የሰው ወሬ አያስጨርስም።

ከጤና ጣቢያዎቹ ሁሉ ሩቁ ዋርካ ሜዳ ነው። እዚያ ያሉት ነርስ ሲስተር አስካለ ይባላሉ። ሲስተር አስካለ ሲደውሉ ወደ ጉዳያቸው አይቸኩሉም። እንዴት አደርክ ይላሉ፣ ሥራ እንዴት ይዞሃል ይላሉ፣ የእናቱን ጉልበት ይጠይቃሉ፣ ያችን ልጅ አገባሃት ወይስ አሁንም እያሰብክበት ነው ይላሉ። እናቱን አንድም ቀን በዓይናቸው አይተዋቸው አያውቁም፤ ጉልበታቸውን ግን ከጎረቤት አብልጠው ተከታትለውታል። ናሁሰናይ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ፣ በሁለት እጁ ሥራውን እየሠራ፣ ደህና ናቸው ሲስተር፣ እግዜር ይመስገን ይላል። ይወዳቸዋል። ጆሮውን ግን ሙሉውን አይሰጣቸውም። አምና ስለ እናቶች የቀጠሮ ካርድ አንድ ነገር እንዲያስተካክልላቸው ለምነውት ነበር። እሺ አላቸው። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? እሺ አለና ረሳው።

ታዲያ በጥር ወር፣ ፕሮግራሙ የቆመበት መሠረት፣ ባለሙያዎቹ ፕላትፎርም የሚሉት ነገር፣ አርጅቷልና ይቀየር ተባለ። የፕላትፎርሙ ሠሪዎች ራሳቸው ከእንግዲህ ለአሮጌው አንጠየቅም ብለው እጃቸውን ታጥበዋል። ናሁሰናይ ቅዳሜና እሑድ ተቀምጦ አዲሱን አስገባ፤ በመስመርም ለሁሉም ጤና ጣቢያ ላከው። ሰኞ ጠዋት ጣቢያዎቹ በየተራ ብቅ ብቅ አሉ። ባልደረቦቹ ትከሻውን መታ መታ አድርገው አበጀህ አሉት። ከምሳ በኋላ ስክሪኑን ቢያይ ግን ዋርካ ሜዳ የለም።

እዚህ ላይ ሁለት ማሽኖች እንዴት እንደሚገናኙ ልንገራችሁ፤ አላረዝመውም። ማሽኖች ምሥጢር ከማውራታቸው በፊት ይተዋወቃሉ። አንዱ እጁን ይዘረጋል፣ ሌላው መታወቂያውን ያሳያል። መታወቂያው ላይ ማን እንደሰጠው፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚያገለግል ተጽፏል። ያኛው አይቶ ካመነ ይጨባበጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚያወሩትን መንገድ ላይ የቆመ ሌላ ሰው ሊሰማው አይችልም። የዋርካ ሜዳው ማሽን እጁን ይዘረጋል፣ የመጋዘኑን መታወቂያ ያያል፣ ከዚያ ወዲያው እጁን ይሰበስባል። ናሁሰናይ ፊት ያለው ስክሪን የሚናገረው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጨባበጥ አልተቻለም።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ከዋርካ ሜዳ ማዶ ባለው ቀበሌ ኩፍኝ ገብቷል እየተባለ ነው። የሲስተር አስካለ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ የኩፍኝ ክትባት አልቋል። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ተነግሯቸዋል። መኪናው ከከተማ የሚነሳው ሐሙስ ጠዋት ነው። የመጋዘኑ ደንብ ግን ትዕዛዝ በመስመር ካልመጣ አንድ ብልቃጥ እንኳ አይጫንም ይላል፤ ድሮ በስልክ ብቻ ሲታዘዝ መድኃኒቱ የት እንደገባ ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜ ነበርና ማንም ደንቡን አያላላም። እንግዲህ ዋርካ ሜዳ እስከ ሐሙስ ካልተገናኘ ሕፃናቱ ቅዳሜ ሳይከተቡ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ናሁሰናይ ይህን ያውቃል፤ እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው።

እንደማንኛችንም መጀመሪያ የጠረጠረው ሌላውን ነው። ኔትወርኩ ነው አለ፤ ኔትወርኩ ደህና ሆኖ ተገኘ። መብራት ነው አለ፤ መብራቱም ነበር። ምናልባት የመጋዘኑ መታወቂያ ጉድለት ይኖረው ይሆናል ብሎ ማክሰኞ አዲስ አወጣ። ሌሎቹ ጣቢያዎች አዲሱን መታወቂያ ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበሉት፤ ዋርካ ሜዳ አሁንም እጁን ሰበሰበ። ሲስተር አስካለ ገና ሰኞ ዕለት፣ እዚህ እኮ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ይላል ብለው ጀምረውለት ነበር። እሱን ይተዉት ሲስተር፣ ዝም ብለው ያጥፉትና ያብሩት አላቸው። አጠፉት፣ አበሩት። ደግመው አጠፉት፣ ደግመው አበሩት። ያ ምስኪን ማሽን በዕድሜው እንደዚያ ሰሞን ጠፍቶና በርቶ አያውቅም። ናሁሰናይ ማክሰኞ አመሻሹ ላይ፣ ይሄ ያረጀ ማሽን ነው፣ መጣል ነበረበት እያለ ብቻውን ያጉረመርም ጀመር።

ረቡዕ ጠዋት የአዲሱን ፕላትፎርም ማብራሪያ ገና አሁን ረጋ ብሎ ሲያነብ አንድ ጉድ አገኘ። አሮጌው ፕላትፎርም ለካ መታወቂያ አይቶ አያውቅም። መታወቂያው ይቀርብለታል፣ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይጨብጣል። ያ ሁሉ ዓመት ከመጣው ሁሉ ጋር እንዲሁ ሲጨባበጥ ኖሯል፤ ሌባ ሳይመጣበት የቀረው በፈጣሪ ቸርነት ነው። አዲሱ ግን ሳያይ አይጨብጥም። ናሁሰናይ ይህን ለአለቃው ለአቶ ውብሸት ነገራቸው። አቶ ውብሸት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሕፃናቱም ያሳዝኗቸዋል። ብቻ አቋራጭ ካዩ እግራቸው አያስቆማቸውም።

«ታዲያ ምን ቸገረ? አትይ በለዋ» አሉት። «አንዲት መስመር ናት። ለሲስተር በስልክ ንገራቸውና ይጻፏት። መኪናው ይሂድ፣ ከዚያ በኋላ ትመለስበታለህ።»

ይህን ከዚያ በኋላ የሚባል ቀን እኔም ብዙ ጊዜ ፈልጌዋለሁ፤ እስካሁን በየትኛውም የቀን መቁጠሪያ ላይ አላገኘሁትም። ናሁሰናይም ቢሆን ሥራውን ያውቃልና ሆዱ አልቆረጠለትም። ግን ቅዳሜ የሚመጡት ሕፃናት ዓይኑ ላይ መጡበት፤ ስልኩን አነሳ።

ሲስተር አስካለ በዚያም ሰዓት ሰላምታቸውን አላጎደሉም። እንዴት ዋልክ፣ ደከመህ አይደል፣ ምሳ በልተሃል፣ የእናትህ ጉልበት ብርዱን እንዴት ቻለው። ናሁሰናይ ያን ዕለት አላቋረጣቸውም። እውነቱን ለመናገር ጨዋነት ይዞት አልነበረም፤ ወደ ጉዳዩ መድረሱን ፈርቶ ነው። ስለ ጉልበቱ በደንብ መለሰላቸው፤ ስለዚያችም ልጅ ትንሽ ነካ አደረገላቸው። እሳቸውም ደስ አላቸው። ከዚያ የሚወራ ሲያልቅ፣ አሁን አንዲት መስመር እነግርዎታለሁ፣ እንዳለች ይጻፏት አላቸው። ምን ታደርጋለች ብለው ጠየቁት። ማሽንዎ የመጋዘኑን መታወቂያ ሳያይ እንዲቀበል ታደርጋለች አላቸው።

 ሲስተርም፣ የተበላሸ መድኃኒት ሲገኝ ለሰው አትስጡ ብላችሁ የምትነግሩን በዚሁ መስመር አይደል ወይ አሉት። ነው አላቸው። ሌላ ሰው መጥቶ መጋዘኑ እኔ ነኝ ቢለውስ አሉት። ያምነዋል አላቸው፤ ይህን ሲል ድምፁ ወረደ።

«እንግዲህ አንተ ካልክ ልጻፋት» አሉ ሲስተር። «እኔ አንተን አምናለሁ የኔ ልጅ። በል ንገረኝ።»

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ቢከራከሩትም መልስ ነበረው። እሳቸው ግን እስክሪብቶ ይዘው፣ የሚላቸውን ሁሉ ሊጽፉ፣ ዝግጁ ሆነው ቆመዋል። ናሁሰናይ መስመሯን ሊያነብ ጀመረና ተወው። ፊቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገ። ያን ጊዜ ነው ሰኞ ያቋረጠባቸው ወሬ ትዝ ያለው።

«ቆይ ሲስተር» አለ። «ሰኞ ዕለት ማሽኑ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ይላል ብለውኝ ነበር። ምንድን ነው የሚለው?»

ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው ጥርት አድርገው አነበቡለት። መቼም የነርስነት ትምህርታቸውን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እስካሁን የጠየቃቸው ጠፍቶ እንጂ። ማሽኑ የሚለው፣ የቀረበልኝ መታወቂያ ገና ሥራ አልጀመረም፣ የሚጀምርበት ቀን አልደረሰም ነው። ናሁሰናይ ግራ ገባው። መታወቂያውን ያወጣው ትናንት ነው። ትናንት የወጣ መታወቂያ እንዴት ዛሬ ቀኑ አልደረሰም ይባላል? ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሲስተር፣ ማሽኑ ላይ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው አላቸው። ጥር አሥራ አራት ነዋ አሉት፤ ምን ነካው በሚል ድምፅ። ዓመተ ምሕረቱስ? እሱንም ነገሩት። እኔና እናንተ የምንቆጥረውን፣ የራሳችንን ዓመት።

የከተማው ማሽን የሚቆጥረው ደግሞ በፈረንጆቹ ነው። ዋርካ ሜዳ ያለው ማሽን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቆሞ ነበር። እዚያ ላይ ሆኖ ሲያየው ትናንት የወጣው መታወቂያ ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ነው። የማያውቀውን አልጨብጥም አለ፤ ልክም ነበረ። አሮጌው ፕላትፎርም መታወቂያ ስለማያይ፣ ትዕዛዙ ላይ ቀን የሚጽፈውም የመጋዘኑ ማሽን ስለሆነ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ማንም ልብ አላለውም።

ማን ነው ቀኑን የለወጠው ብሎ ጠየቀ። ሲስተር አስካለ ድምፃቸው ቀነሰ።

«እኔው ነኝ» አሉ። «ካርዱ በፈረንጅ ቀን እየታተመ እናቶች ይሳሳቱብኝ ነበር። አንዷ በታኅሣሥ መጥታ ለጥር ቀጠርኳት። ካርዷ ላይ ወሩ አንድ ይላል፤ አንደኛው ወር መስከረም ነው ብላ ቤቷ ቁጭ አለች። ኩፍኙ በመጋቢት ቀደማት። ልጁ ተረፈልን፤ እንዴት እንደተረፈ ግን እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ለአንተ ነገርኩህ። ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ትንሽ ጠበቅኩህና የማሽኑን ቀን ራሴ ወደ እኛ መለስኩት። ሁለተኛው ወር ለእሱ ሃያ ስምንት ቀን ስለሆነ ጥቅምት ላይ ሁለት ቀን ያጎድልብኛል፤ ጳጉሜን ጭራሽ አያውቃትም። ያን ጊዜ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። አጠፋሁ እንዴ የኔ ልጅ?»

  ለናሁሰናይ በየወሩ መጨረሻ አንዲት ሴትዮ የማሽን ቀን በጣታቸው እየገፉ ሲያስተካክሉ ታየው፤ እሱ እሺ ብሎ የረሳትን ነገር እሳቸው በእጃቸው ሲሸከሟት።

«አላጠፉም ሲስተር» አላቸው። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ቀኑን ወደ ከተማው አቆጣጠር ቢመልሱት ወዲያው እንደሚገናኝ ነገራቸው። ሲስተር ግን እጃቸው አልሄደላቸውም። ቅዳሜ ለሚቀጥለው ወር የምቀጥራቸው እናቶች አሉ፤ ካርዱስ ምን ሊሆን ነው አሉ። ካርዱን ለእኔ ይተዉልኝ፣ ከቅዳሜ በፊት ይደርስልዎታል አላቸው። እሺ ነው አይደል አሉት። እሺ ነው አላቸው።

«አምናም እሺ ብለህኝ ነበር እኮ» አሉና ሳቁ። ቂም የሌለበት ሳቅ ነው፤ ለዚህ ይሆናል የበለጠ የገባበት።

ሲስተር ቀኑን መለሱት። ሩቅ ያለው ማሽን እጁን ዘረጋ፣ የመጋዘኑን መታወቂያ አየ፣ ከላይ እስከ ታች አየው፣ ከዚያ ጨበጠው። የኩፍኝ ክትባቱ ትዕዛዝ ናሁሰናይ ስክሪን ላይ ብቅ አለ። ተመስገን ብሎ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። ሐሙስ ጠዋት መኪናው የዋርካ ሜዳን ሣጥን በበረዶ ከቦ ጭኖ ወጣ።

አቶ ውብሸት በቃ አለቀ፣ ደግ ሠራህ፣ ሂድና ተኛ አሉት። ለእሳቸው አልቆ ነበር። ናሁሰናይ ግን ያችን ዓይንህን ጨፍን የምትል መስመር ከነወረቀቷ ቀዶ ጣላትና ተመልሶ ተቀመጠ። ለየጣቢያዎቹ እየደወለ ካርዱን እንዴት እያደረጋችሁ ነው ብሎ ጠየቀ። በዚህ ጊዜ ሰላምታውን አስጨረሳቸው። አንዱ ጋ የታተመውን ቀን እየሰረዙ ከላዩ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። ሌላው ጋ እናቶቹን በገበያ ቀን ቁጠሩ ይሏቸዋል። ሁሉም በየፊናው መላ መትቶ ይኖር ነበር እንጂ ማንም ከተማውን አልጠበቀም። ናሁሰናይ አፈረ። ሐሙስን ውሎ ዓርብን ጨምሮ፣ ማሽኑ በፈረንጅ ቀን እየቆጠረ ካርዱን ግን በእኛ ቀን እንዲያትም አድርጎ ሠራው። ጳጉሜንን ሲያስገባት፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እንደሚጨመርላትም ሲጽፍላት፣ ብቻውን ፈገግ አለ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለሁሉም ላከው።

ቅዳሜ ሲስተር አስካለ ደወሉ። ከኋላቸው የሕፃናት ለቅሶ ይሰማል፤ የተከተበ ሕፃን ለቅሶ ነው፣ ደስ የሚል ለቅሶ። ያን ቀን ሰላምታውን የጀመረው ናሁሰናይ ነው፤ ሲስተር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አቋረጡት፤ የሚነግሩት ነገር ነበራቸውና። ያች መስከረምን ስትጠብቅ ቤቷ ቁጭ ያለችው እናት መጥታለች። አዲስ ሕፃን ታቅፋለች። ልጇ ከተከተበ በኋላ የቀጠሮ ካርዷን ተቀብላ፣ እንደዚያን ጊዜ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ራሷ አነበበችው።

«የካቲት አሥራ ሁለት ይላል» አለች አሉ። «የሚካኤል ዕለት ነው። ይሄንማ እንዴት እረሳዋለሁ።»

ናሁሰናይ እንባው መጣ። ሲስተርም ጠበቁት፤ የስልክ ሒሳቡ ይቆጠር እንጂ አልቸኮሉም።

ከዚያ ወዲህ ናሁሰናይ በፕሮግራሙ ላይ አንድ አዲስ ነገር ባስገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚደውለው ዋርካ ሜዳ ነው። የእሳቸውን ቤተሰብ ይጠይቃል፣ ስለ እናቱ ጉልበት ይነግራቸዋል፣ ሚስቱም ሰላም ትላቸዋለች። መጨረሻ ላይ፣ ሲስተር፣ እዚያ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ይላቸዋል። ከአንተ ጋር እኩል ነን የኔ ልጅ ይሉታል።

ወዳጆቼ፣ የዘረጋነውን እጅ ሳይጨብጥ የሚሰበስብ ሰው ሲያጋጥመን ብዙ ጊዜ የምናውቀው ሁለት መንገድ ነው። ወይ ያረጀ፣ የደረቀ፣ የማይገባው ብለን እንረግመዋለን። ወይ ደግሞ ሰላም ይውረድ ብለን፣ እኛም ዓይናችንን ጨፍነን እሱንም ጨፍን ብለን፣ ሳንተያይ እንጨባበጣለን። ሦስተኛው መንገድ ጆሮ ይጠይቃል፤ ስለ እኛ ምን እንደታየው፣ እሱስ የቆመው በየትኛው ቀን ላይ እንደሆነ ጠይቆ እስኪጨርስ መስማት። እዚያ ቀን ላይ ያቆመው ክፋት ላይሆን ይችላል፤ ለሌላ ሰው የተሸከመው ፍቅር ሊሆን ይችላል።

እስቲ በዚህ ሳምንት እጁን የሰበሰበባችሁን ሰው አስቡት። ቀኑን ጠይቃችሁታል? ስትጠይቁትስ፣ እዚያ ወደ ኋላ ያስቀረው የእናንተው የተረሳ እሺ ሆኖ ቢገኝ ምን ትመልሱለታላችሁ?